ድመቴ የአጥንት ካንሰር አለባት ተባልኩ፤ እግሯ ይቆረጥ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጥያቄ፣ የሚሚ አሳዳጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሚሚ 11 ዓመቷ ነው። ማነከስ ከጀመረች ወር ሊሆናት ነው። ከቁም ሳጥን ላይ ስትዘል ወለም ብሏት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ የኋላ እግሯ ከጉልበቷ በላይ አበጠ። ስነካት ነከሰችኝ፤ እሷ እኮ ነክሳኝ አታውቅም። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «የአጥንት ካንሰር ይመስላል፣ እግሯ ቢቆረጥ ይሻላል» አለኝ። በዚህ ዕድሜዋ በሦስት እግር? ኬሞቴራፒስ አይሆንም? እስከዚያው የራሴን ፓራሲታሞል ቆርሼ ብሰጣትስ?

መልስ፣ ባለ ሁለት ድመት፦
ፓራሲታሞሉን እንዳታስነኪያት! የድመት ጉበት አይችለውም፤ ግማሽ እንክብል ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ሰጥተሻት ከሆነ ይህን ማንበብ ትተሽ ይዘሻት ሂጂ። ሌላውን የሚያውቁ ይመልሱልሽ።

መልስ፣ የእንስሳት ሐኪም፦
«ይመስላል» የምትለዋን ቃል አትለፊያት። የአጥንት ኢንፌክሽንም በራጅ ካንሰር ሊመስል ይችላል። የሚለየው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። አንዳንዴ ግን አጥንቱ በጣም ከተበላ ሐኪሙ መጀመሪያ ቆርጦ እግሩን ለምርመራ ይልካል። ከዚያ በፊት የደረት ራጅ ትነሳ፤ ይህ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ኩላሊቷም በደም ምርመራ ይታይ።

ስለ ውሻ የተጻፈ አንብበሽ ከደነገጥሽ ልክ ነሽ፣ ግን ሚሚ ውሻ አይደለችም። ኦስቲኦሳርኮማ በተባለው የአጥንት ካንሰር ከ10 ውሾች በ9ኙ፣ በሽታው ሲታወቅ በዓይን የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ቀድመው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄደዋል። ስለዚህ እግሩ ብቻ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ4 እስከ 5 ወር ነው፤ ኬሞ ሲጨመር ወደ 1 ዓመት ይጠጋል። በድመት ግን ሥርጭቱ ዘገምተኛ ነው። ሳንባዋ ንጹሕ ከሆነ እግሯ ተቆርጦ ብቻ ከ2 ዓመት በላይ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ኬሞ ብዙ ጊዜ አያስፈልጋትም። ካስፈለገም ካርቦፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ይሰጣታል እንጂ ሲስፕላቲን የሚባለው ለድመት መርዝ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የማይሆን ከሆነ ሕመሙን የሚያበርድ የጨረር ሕክምና አለ። እንደ ዞሌድሮኔት ያሉ የአጥንቱን መበላት የሚያዘገዩ መድኃኒቶችም አሉ። ከሐኪም በታዘዘ መጠን ሜሎክሲካምና ጋባፔንቲን የሚባሉ ማስታገሻዎች ይታከሉበታል። ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ለመግዛት ነው። የተበላ አጥንት በትንሽ ዝላይ ይሰበራል፤ ከፍ ያለ ቦታ አታስወጪያት።

መልስ፣ የባለ ሦስት እግሯ እናት፦
እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ አልቅሻለሁ። የኔዋ በ12 ዓመቷ ነው የተቆረጠችው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልዋሽሽም፣ ከባድ ናቸው። የአሸዋ ሳጥኗን ጠርዝ አሳጠርኩ፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት እየነጠረች ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር፣ በተቆረጠው በኩል ጆሮዋን ማከክ አትችልም። ቁራጯ ትንቀሳቀሳለች፣ ጆሮዋ ጋ ግን አትደርስም። በቀን ሁለቴ እኔ አክላታለሁ፤ አሁን ሰዓቱን ጠብቃ ትመጣለች።

መልስ፣ የቡቺ ጌታ፦
የኔ ትንሽ ውሻ ሳንባው ተነክቶ ነበርና አላስቆረጥኩም። ማስታገሻ እየወሰደ ጥቂት ሳምንታት ደህና ቆየ። መብላቱን ሲተውና ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት በሐኪም እጅ አሳረፍኩት። ሁለት ቀን ዘግይቻለሁ ብዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

የሚሚ አሳዳጊ፦
አመሰግናለሁ። ፓራሲታሞሉን አልሰጠኋትም። የደረት ራጁ ንጹሕ ነው፣ ኩላሊቷም ደህና ነው ተባልኩ። ሐሙስ ትቆረጣለች፣ እግሩም ለምርመራ ይላካል። እስከዚያው ቁም ሳጥኑ ላይ እንዳትወጣ የመኝታ ቤቱን በር ዘግቻለሁ። በሩ ሥር ቁጭ ብላ ስትሰድበኝ ትውላለች።