ልጄ ክፍል ይዝለል ወይስ ይቆይ?

ሰላም ወገኖች፣ ከአዳማ ነኝ። የሁለተኛ ክፍል ልጄ ነገር ግራ ገብቶኛል። ባጃጅ ውስጥ ሆነን የፊት መኪና ታርጋ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ይደምርና «እማ፣ ይሄ ለ3 ይካፈላል» ይለኛል። ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ ከአራተኛ ክፍል እህቱ ደብተር ሳይሆን አይቀርም። ክፍል ውስጥ ግን ስራውን ቶሎ ይጨርስና ሌላውን ይረብሻል። ባለፈው ሳምንት አንበረከኩት። መምህሯን ብዙም አልወቅስም፤ 60 ልጅ ይዛ ምን ታድርግ?

አሁን «ሦስተኛን ዘሎ አራተኛ ይግባ» ተባልኩ። አባቱ በፍጹም አለ። እኔም ፈራሁ፤ ገና የጫማውን ክር ማሰር አልቻለም እኮ!

ልጁን ክፍል ያዘለለ ወላጅ አለ? ከትልልቆቹ ጋር እንዴት ሆነ? ወይስ እዛው ክፍሉ ሆኖ ከበድ ያለ ሂሳብ እንዲሰጡት ልጠይቅ? እባካችሁ፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ።