ፋይብሮማያልጂያ ያለባቸው ታካሚዎች «ምን ልተው?» ሲሉ ምን እንመልስ?

ሲስተር ከአዳማ

ሰላም ባልደረቦች። ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምም ሕመም) ነው ተብለው ከሪፈራል ወደ ጤና ጣቢያችን የሚመለሱ ሴቶች ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ምግብ ነው። አንዱ «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ አስትቷቸዋል፣ ሌላው ወተት፣ ሌላው ስንዴ፤ ዩቲዩብ ደግሞ ቲማቲምና ድንች ጨምሮበታል። አንዳንዶቹ ከእንጀራና ከሻይ ሌላ የሚቀምሱት የላቸውም። ለሕመሙ አብዛኞቹ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጥቂቶቹ ፕሪጋባሊን። ሆዳቸው የሚነፋም ብዙ ናቸው። እዚሁ ገበያ በሚገኝ ነገር የሚሠራ፣ ጾምንም ያሰበ ምክር እፈልጋለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ

ሲስተር፣ መጀመሪያ ፋይብሮማያልጂያን የሚያድን ምግብ እንደሌለ በግልጽ ይንገሯቸው። ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሕመም ስሜትን በሚያስተናግዱበት መንገድ ላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ ተደርጎ እንደተተወ ሬዲዮ። ምግብ የሚነካው በተዘዋዋሪ ነው፦ በእንቅልፍ፣ በአንጀት፣ በክብደት፣ በጎደለ ንጥረ ነገር።

የሪህን ወሬ ቶሎ ይቁረጡት። ሪህ ዩሪክ አሲድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ወይም አንድ መገጣጠሚያን በድንገት ያሳብጣል፣ ያቀላል። ፋይብሮማያልጂያ አያሳብጥም። ለእሱ ብሎ ሥጋ መተው ሕመሙን አይቀንስም፤ ብረትና ቢ12 አሳጥቶ ድካሙን ያባብሳል እንጂ።

ምንም ምግብ ከማስተው በፊት ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ ከተቻለም ቫይታሚን ዲ ይታይ። የታይሮይድ ማነስና የቫይታሚን ዲ ጉድለት በራሳቸው ሰውነት ያሳምማሉ። የስንዴ ነገር ካጠራጠረ የሲሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) የደም ምርመራ የሚሠራው ታካሚዋ ስንዴ እየበላች ሳለ ነው፤ ከተወች በኋላ በሽታው እያለም «የለም» ሊል ይችላል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የገበያ እንጀራ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል።

ሆድ መንፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት ላለባት ብቻ፣ አንጀት ውስጥ የሚብላሉ ስኳሮችን ለአጭር ጊዜ መቀነስ ይጠቅማል። ፎድማፕ የሚባለው ነው፤ አውስትራሊያ፣ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተቀመረ። እኛ ቤት ትልቁ ምንጩ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥራጥሬ ነው። ከመቂና ከቆቃ በኩንታል የሚገባውን ሽንኩርት እያየን ይህን መምከር ከባድ ነው፣ ግን ለ4 ሳምንት ይቻላል።

ፍሩክታን የሚባለው የሽንኩርት ስኳር ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ወጥ ውስጥ አብስሎ ሽንኩርቱን ማውጣት አይረዳም፤ ስኳሩ መረቁ ውስጥ ቀርቷል። የሚሠራው ነጭ ሽንኩርቱን ከትፎ በግማሽ ሲኒ ዘይት፣ በለሰለሰ እሳት ጠብሶ፣ ፍርፋሪው አንድም ሳይቀር በወንፊት ማጥለልና በዘይቱ ወጡን መሥራት ነው። ዘይቱ በዚያው ቀን ይጨረስ፤ ያለ ፍሪጅ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። በቀይ ሽንኩርት ፈንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል ብቻ ይግባ። ብዙዎች የሚስቱት በርበሬው ላይ ነው፤ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት ለዚህ ጊዜ ያለ እሱ የተፈጨ ያስፈልጋል። ምስርና ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ሁለቱም ውኃ ከተደፋ በትንሹ ይበላል። ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ አይታጠብም፣ ለዚህ ጊዜ ይቅር፤ ወተትም እንዲሁ። ድንች፣ ካሮት፣ አበሻ ጎመን፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ይበላል።

በ4 ሳምንት ለውጥ ከሌለ ሁሉም ይመለስ። ለውጥ ካለም ይመለስ፣ ግን ተራ በተራ፦ ነጭ ሽንኩርት መጀመሪያ ቀን ግማሽ ፍሬ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፤ ከዚያ 3 ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ጥራጥሬ። አብዛኛው ሰው የሚከብደው አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው። ምግቡ ሳይመለስ ወራት መክረም ነው ጉዳት የሚያመጣው።

ፋርማሲስት

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ እኔ ቡና ላይ ልቆይ። ካፌይን ከሰውነት እኩሌታው እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣች ሴት ማታ 4 ሰዓት ላይ ስትተኛ ግማሹ ገና ደሟ ውስጥ አለ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንቅልፍ ሲቆራረጥ በማግስቱ ሕመሙ ይጨምራል። ቡና ያቁሙ አይደለም የምለው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይጠጣ፣ ማታ ጎረቤት ሲጠራ ወጉ ላይ ቄጤማው አጠገብ ተቀምጦ ፈንዲሻው ይበላ። ሲቀንሱ በየ3 ቀኑ አንድ ሲኒ ነው። በአንዴ ያቆመች ሰው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ራስ ምታት ይይዛትና «ፋይብሮው ተነሣብኝ» ትላለች። ያኔ የምትገዛው ማስታገሻ ራሱ ፓራሲታሞል ከካፌይን ጋር ሊሆን ይችላል፤ በአንድ እንክብል 65 ሚሊ ግራም የያዘ አለ። ሳጥኑን ያንብቡላት።

«የነርቭ ቫይታሚን» እየተባለ ያለ ምርመራ የሚወሰደው የቢ1፣ ቢ6፣ ቢ12 ድብልቅ ያሳስበኛል። አንዳንዱ እንክብል 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም ቢ6 አለው። ቢ6 በዝቶ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 12 ሚሊ ግራም ነው። ቢ12 ከጎደለ ቢ12 ለብቻው ይሰጥ።

አሚትሪፕቲሊን ሆድ ያደርቃል፤ እሱም ፕሪጋባሊንም ክብደት ይጨምራሉ። ለድርቀቱ ተልባ በብዙ ውኃ ጥሩ ነው፤ ከመድኃኒቱ በ2 ሰዓት ይራቅ። አፍ ሲደርቅ ለስላሳ መጠጣት ከተለመደ ክብደቱ በዚያ በኩል ይመጣልና ውኃ ይሁን።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

አዳማ ላይ ሳለን የውኃውን ነገር መዝለል አይገባም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለዓመታት ከዚያ በእጅጉ የበለጠ የጠጣ ሰው አጥንቱ ይጎዳል፤ አንገትና ወገብ ይገትራል፣ መላ ሰውነት ያመዋል፣ ፋይብሮማያልጂያም ሊመስል ይችላል። ታካሚዋን «የት አደግሽ? የጉድጓድ ውኃ ነበር?» ይበሏት፤ ጥርሷን ይዩ። ቡናማ ጥርስ ካላት፣ አንገቷም እንደ ልብ ካልዞረ፣ የክንድና የዳሌ ራጅ ይታዘዝ። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ሻይ ቅጠልም ፍሎራይድ ስላለው በሻይ ብቻ የሚውሉትን ይጠይቁልኝ። ለእነዚህ ወተት ማስተው በተለይ ስህተት ነው፤ ካልሲየም ፍሎራይድ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል።

ሲስተር ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውኃውን አስቤው አላውቅም፤ ካርዱ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ሁዳዴ ላይ ያለችዋንስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ

በሁዳዴ የሽንኩርቱን ሙከራ አታስጀምሯት። ሽሮና ምስር ከወጡ ፕሮቲን የምታገኝበት አይቀርም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ትክክለኛው ጊዜ ያ ነው። እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ራስ ምታትና ድካም ካበዛባት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ቢ12 ከአትክልት ስለማይገኝ ጿሚዋ ላይ መለካቱ አይዘለል።

ማስታወሻም ትያዝ፦ ሕመም ከ0 እስከ 10፣ እንቅልፍ፣ ሆድ፣ የወር አበባ፣ የበላችው፣ የሠራችው ሥራ። የገበያ ቀን ዘንቢል ተሸክማ የዋለች ሴት ሕመሙ የሚነሣባት በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው፤ ማስታወሻ ከሌላት ጥፋቱን የምትጥለው በዚያ ቀን በበላችው ቲማቲም ላይ ነው።