ከልጄ ጋር 5 ኪሎ ሜትር እንዴት እንሩጥ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ለኩላሊት ታማሚዎች ገንዘብ ማሰባሰቢያ በሚካሄደው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ተመዝግበናል። ካናቴራውን ካገኘች ወዲህ አላወልቅም ብላለች። ችግሩ ልምምድ ስንወጣ ነው። ገና ከመነሻው ተፈትልካ ትሄዳለች፤ ትንሽ ቆይታ «ጎኔን ወጋኝ» ብላ ቁጭ። ቀስ በይ ስላት ደግሞ «አንቺ ስለማትችይ ነው» ትለኛለች (እውነቷን ነው!)። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳገት ላይ እኔም ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። እየሮጥን እየተራመድን ብንሄድ ብዬ አስባለሁ፤ ግን በየስንት ደቂቃው ላቀያይር? ቁርስስ ከሩጫው ስንት ሰዓት በፊት ላብላት? የምትወደው ገንፎ ነው፣ እሱ ደግሞ ሆድ ላይ ይከብዳል መሰለኝ። ልጅ ይዛችሁ የሮጣችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።