ለጎጎል ልቦለድ የተሰራ የቻጋል ኢቺንግ፣ ኦሪጅናል መሆኑን እንዴት ልወቅ?

የፓሪሷ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እሁድ እዚህ ፓሪስ አሮጌ ዕቃ ገበያ (ምናለሽ ተራ በሉት) ስዞር ጥቁርና ነጭ ስዕል ከነፍሬሙ ገዛሁ፣ ወፍራም ሰውዬ ምግብ የሞላው ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ብሏል፣ ሻጩ፣ ሰዓሊው ማርክ ቻጋል ለሩሲያዊው ደራሲ ለጎጎል "ሙት ነፍሳት" የሰራው ነው፣ 1923 የታተመ ኢቺንግ ነው ብሎ 200 ዩሮ ጠርቶ በ60 ለቀቀልኝ። ፊርማ የለውም፣ ተሸወድኩ እንዴ?

ቀለም ነካኝ፦ በፊርማው አትደንግጪ እህቴ፣ ቻጋል የፈረመው መጽሐፉ ላይ ነው እንጂ እያንዳንዱ ስዕል ላይ አይደለም፣ እንደውም በእርሳስ ደመቅ ተደርጎ ቢፈረምበት ነበር የምጠረጥረው። ከፍሬሙ አውጪው። ኢቺንግ ማለት የመዳብ ሰሌዳ በአሲድ ተበልቶ፣ መስመሩ ውስጥ ቀለም ገብቶ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ በሃይል ሲጫን ነው፣ ስለዚህ ዙሪያውን የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን አጎድጉዶት በጣትሽ ይታወቅሻል። እሱ ብቻ ግን አይበቃም፣ አስመስለው የሚጫኑ አሉ፣ በማጉያ እይው፣ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ካየሽ ተራ የማሽን ህትመት ነው፣ አለቀ።

መጽሐፍ ለቃሚ፦ ሻጩ ቀኑን አምታቶታል። ቮላር የሚባል የፓሪስ የስዕል ነጋዴ 1923 አዘዘው፣ ቻጋል እስከ 1927 ድረስ 96 ትልልቅ ሰሌዳ ሰራ፣ መጽሐፉ ሳይወጣ ቮላር 1939 በመኪና አደጋ ሞተ፣ ጦርነቱም መጣ፣ በመጨረሻ ቴሪያድ የሚባል አሳታሚ ነው 1948 ያወጣው። ብዙው ኮፒ ተበትኖ ገጽ በገጽ ስለተሸጠ አንድ ነጠላ ገበያ ላይ መገኘቱ አይገርምም።

ጎጎል ወዳድ፦ ስዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ባለርስቱ ሶባኬቪች ሳይሆን አይቀርም ሃሃ፣ ልቦለዱ ላይ ዋናው ገጸ ባህሪ ቺቺኮቭ የሞቱ ገበሬዎቹን ስም ሊገዛው ሲመጣ በነፍስ 100 ሩብል ጠርቶ በ2 ሩብል ተኩል ነው የለቀቀው፣ ሻጭሽ ዘመዱ ነው

የፓሪሷ፦ አወጣሁት! ጠርዙ ጎድጉዷል፣ በስልክ አጉልቼ ሳየው ነጥብ የለውም፣ ግን ከኋላ ካርቶን ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ልላጠው?

ቀለም ነካኝ፦ ኧረ እንዳትነኪው!! ወረቀቱን ይዞ ነው የሚነሳው፣ ከነካርቶኑ የድሮ ህትመት የሚሸጥ ጋለሪ ውሰጂና ይዩልሽ። እስከዛ ጎድጓዳውን ጠርዝ ለክተሽ ጻፊልን፣ ሰሌዳዎቹ በግምት 28 በ22 ሳንቲ ናቸው፣ በጣም ካነሰ ነገር አለ።