ብረቱ ከመሬት ሥር አይዝግም ወይ?

የጦሳ ልጅ፦ ጀማው፣ መስከረም 2018 ኢትዮጵያና ሩሲያ ለኒውክሌር ማመንጫ ተፈራርመዋል። መብራቱን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ቆሻሻው በብረት ታሽጎ ይቀበራል ሲሉኝ አልዋጥልህ አለኝ። ብረቱ አይዝግም?

ብየዳው (ኮምቦልቻ)፦ አብሽር! ዝገት አየር ይፈልጋል። 400 ሜትር ታች ምን አየር አለ? ሥራዬ እኮ ነው።

የቦርከና መምህር፦ ብየዳው፣ አብሮ የተቀበረው ኦክስጅን ካለቀ በኋላም እኮ ብረቱ አያርፍም። ከውሃው ጋር ራሱ ይገናኝና ማግኔታይት የሚባል ጥቁር ነገር ይሆናል፣ ሃይድሮጅንም ይለቃል። በጣም ቀስ ብሎ ነው። በዓመት 2 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛው ሁለት እጅ) ይበላዋል ብንል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ 25,000 ዓመት ይቆያል። ደስ አላችሁ? ቆሻሻው ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ፕሉቶኒየም 239 በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 24,100 ዓመት ይፈልጋል። ያውም እኩል ከተበላ ነው። ብየዳ ላይ ወይ አንድ ነጥብ ላይ ከጀመረው፣ ወይ ሰልፌት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከደረሱበት፣ ሒሳቡ ይፈርሳል። ሃይድሮጅን ጋዙም ዙሪያውን በሚጠቀጠቀው ሸክላ አፈር ውስጥ መውጫ ካጣ ግፊት ይፈጥራል።

ብየዳው፦ ብየዳን ለምን ትነካለህ ወላሂ 😄 ወፍራም አርገው ይሥሩት በቃ።

ሐይቅ ዳር፦ ፊንላንዶች ኦንካሎ በሚሉት የኒውክሌር ቆሻሻ መቅበሪያቸው ላይ ውስጡን ብረት፣ ውጩን መዳብ አድርገው ዙሪያውን ቤንቶናይት ሸክላ ይጠቀጥቃሉ። ስዊድንም መንገዷ ይኸው ነው። እዚያም ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ የመዳቡ ዝገት ጉዳይ አልጠራም ብሎ ነበር፤ መንግሥት የፈቀደው በ2022 ነው። እነሱ እንኳ እንዲህ ተሟግተውበታል።

የጦሳ ልጅ፦ የእነሱ ዓለት ጥንት የረጋ ነው። እኛ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን! በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን ያናወጠው መሬት እዚሁ ጎረቤታችን ነው።

ብየዳው፦ ወሎ ይቀበራል ያለ አለ እንዴ? ከአሁኑ ጉድጓድ ቆፈርክ።

የቦርከና መምህር፦ ማንም አላለም። ግን ባንግላዴሽ ለሩፑር የኒውክሌር ጣቢያዋ፣ ያገለገለውን ነዳጅ፣ ማለትም ይኸንኑ ቆሻሻ፣ ሩሲያ መልሳ እንድትወስድ በ2017 እ.ኤ.አ. ተፈራርማለች። እኔ ድጋፌን የምሰጠው እንዲህ ያለ ውል በአደባባይ ካሳዩኝ ነው። ካልሆነ ብረቱን ማን፣ የት፣ በምን ውፍረት እንደሚሠራው ከግንባታው በፊት ይንገሩን።

ሐይቅ ዳር፦ እኔም እንዲሁ። ብየዳው፣ አንተስ?

ብየዳው፦ መጀመሪያ መብራቱ ይምጣ፣ ዛሬም ጠፍቶብኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።