የሳምንት አትክልት፦ በሳጥን ከገበሬ ወይስ ከእሁድ ገበያ? (ጥቆማ ለአራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካሳንቺስ)

ጥያቄ (አራት ኪሎ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለ4 ሰው ቤት የሳምንት አትክልት በቀጥታ ከገበሬ ማስመጣት ይሻላል ወይስ እንደወትሮው እሁድ ገበያ? የወሩን አስቀድመው ተቀብለው በየሳምንቱ በሳጥን የሚያደርሱ አሉ። ከዋጋው ሌላ በምን ልለያቸው? ወተትም ካለ ጠቁሙኝ።

መልስ (ፒያሳ)

እህቴ፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ አትግዢ። ሳጥኑ የሚያዋጣው ለቅጠላ ቅጠልና ለደጋ አትክልት ነው፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር።

ለመሀል ከተማ የሚቀርቡት የቤተሰብ እርሻዎች ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ መናገሻና ሆለታ ናቸው። ሁሉም ደጋ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይመታዋል። ያለ ላስቲክ ቤት ቲማቲም እዚያ ደህና አይወጣም፤ ማንጎማ አይታሰብም። ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በብዛት የሚመጡት ከመቂና ከባቱ ወገን ነው። ስለዚህ «ሁሉም ከሱሉልታ እርሻችን» እያለ ቲማቲምና ማንጎ የሞላ ሳጥን የሚያቀርብ ሰው፣ ግማሹን ሌሊት ከአትክልት ተራ ሸምቶታል ማለት ነው። መሸመቱ ነውር አይደለም፤ በገበሬ ስም ማስከፈሉ ነው እንጂ።

ከዋጋ በፊት ውሃውን ጠይቂ። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያለ ከባድ ብረት እንደሚገኝበት በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በኮምጣጤ ብታጥቢውም፣ ብትቀቅይውም አይወጣም። መቀቀል የሚጠቅመው ለተሕዋስያንና ለትላትል እንቁላል ብቻ ነው። «ከጉድጓድ ነው ወይስ ከወንዝ? የትኛው ወንዝ?» ስትይው የሚያድበሰብስ ሻጭ ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ። ሳጥን አምጪ ቢያንስ ይጠየቃል፤ መንገድ ዳር እስሩን ዘርግታ የምትሸጠው እናት ግን ቅጠሉ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ እሷም አታውቅም።

ለ4 ሰው በሳምንት የሚበቃው፦ ቆስጣ 2 እስር፣ ጎመን 2 እስር፣ ሰላጣ 1 ኪሎ፣ ካሮት 1.5 ኪሎ፣ ቀይ ሥር 1 ኪሎ፣ ድንች 2 ኪሎ፣ አንድ ጥቅል ጎመን። ከዚህ ከበለጠ ሐሙስ ላይ ቆስጣው ቢጫ ይሆንብሻል። በተቋጠረ ፌስታል ከመጣ ደግሞ ያልበውና ማክሰኞ ያበቃለታል። ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን እንዲያመጡ፣ ባዶውን በሚቀጥለው ሳምንት እንዲወስዱ ተነጋገሪ።

መልስ (ካሳንቺስ)

ስለ ቅጠላ ቅጠሉ እስማማለሁ፤ ስለ ድንቹ ግን አይደለም። ድንችና ሽንኩርት ከእሁድ ገበያ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለአንድ ቤት ሸመታ እዚያ ድረስ መውረድ የትራንስፖርቱን አይመልስም። እሁድ ገበያ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሂጂ። አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ በጆንያ ይዞ የቆመው ገበሬው ወይም ማኅበሩ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ደርድሮ የተቀመጠው ቸርቻሪ ነው። በመደብ አትግዢ፣ በኪሎ አስመዝኚ፤ መደቡ ከላይ ትልቁን፣ ከሥር ትንሹን ነው የሚይዘው።

ሽንኩርቱን አንገቱ ላይ በአውራ ጣት ተጫኚው። ለስለስ ካለ ከማሳ ተነቅሎ በቅጡ ሳይደርቅ ነው የተጫነው፤ በአሥር ቀን ከውስጥ ይበሰብሳል። ክረምት ላይ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ማድረቂያ ፀሐይ የለም። አንገቱ ቀጥኖ የደረቀ፣ ልጣጩ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ 10 ኪሎም ቢሆን ግዢ፤ አየር በሚያገኝ ጆንያ ያኖረዋል። ድንቹን ከሽንኩርቱ ለይተሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። ብርሃን አግኝቶ የአረነጓደውን አትግዢ፤ መርዛማ ነው፣ መቀቀልም አያድነው።

የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ለዘይት፣ ለስኳርና ለጤፍ ጥሩ ነው፤ ለቅጠል አይሆንም። ጤፍ ደግሞ አዲሱ ምርት በደንብ የሚገባው ከታኅሣሥ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ በኩንታል አትግዢ።

ጥያቄ (አራት ኪሎ)

አመሰግናለሁ። የወሩን አስቀድሞ መክፈሉስ? ገንዘቤን ይዘው ቢጠፉስ?

መልስ (ፒያሳ)

አስቀድሞ መክፈሉ የነገሩ ልብ ነው። ሌላ አገር፣ በጃፓን «ቴይኬይ» በሚባለው አሠራር፣ በአሜሪካም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ደንበኛው የወቅቱን በሙሉ ከፍሎ ጉዳቱንም ምርቱንም ከገበሬው ጋር ይካፈላል። እኛ ጋ ገበሬው ግንቦትና ሰኔ ላይ ለዘርና ለማዳበሪያ ብር ሲያጥረው ደርሶለት ሰብሉን ከነማሳው የሚገዛው ደላላ ነው። ያንን ቦታ ደንበኛ ከያዘው ገበሬው የተሻለ ያገኛል።

ግን ወቅቱን በሙሉ አትክፈይ። የ4 ሳምንት ብቻ ይሁን፤ የመጀመሪያውን ሳጥን ለብቻው ገዝተሽ ሞክሪ። ከዚያ በጽሑፍ የሚቀመጡ ነገሮች አሉ፦ በረዶ ወይም ውርጭ ከመታው በምን ይተካል፣ ሳጥኑ ቢያንስ ስንት ኪሎ ይሆናል፣ የተሰበሰበው መቼ ነው። ጠዋት ተሰብስቦ ከሰዓት የሚደርስ ሰላጣና ትናንት የተሰበሰበ አንድ አይደሉም። ብቻሽን ከሆንሽ የማድረሻው ዋጋ ይጫንሻል፤ በአንድ ሕንፃ 10 ቤት ከሆናችሁ ወደ 100 ኪሎ በአንድ ዳማስ (ትንሿ መኪና) ይገባል፣ ዋጋውም ይካፈላል።

ሳጥኑ ወቅቱን እየተከተለ መለወጥ አለበት። መስከረምና ጥቅምት የበቆሎና የባቄላ እሸት ካልመጣ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ካልታየ፣ ዓመቱን ሙሉ ያው ካሮትና ጥቅል ጎመን ከሆነ፣ ከመጋዘን እንጂ ከእርሻ አልመጣም።

መልስ (ሜክሲኮ)

ስለ ወተት። የሱሉልታና የሰበታ ወተት በየጠዋቱ ይገባል። በላክቶሜትር (ወተቱ ውሃ እንደተጨመረበት በሚያሳይ መለኪያ) ይለካ፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ28 እስከ 32 ማንበብ አለበት። አሥር ከመቶ ውሃ ከተጨመረበት ወደ 3 ነጥብ ያህል ይወርዳል። ዕቃውንም እዪ፤ አሉሚኒየም ይሁን። የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጡ ስለሚቧጨር ቆሻሻ ይይዛል፣ ወተቱም ሳይፈላ ይቋጥራል። ላሞቹ ተመርምረዋል ቢሉሽም ሳታፈዪ አትጠጪው፣ የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ በጥሬ ወተት ይተላለፋል።

ጾሙን አስቀድመሽ አስቢበት። በሁዳዴ 55 ቀን ጠጪው ይጠፋል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ያኔ «አልፈልግም» ብለሽ ካቆምሽ ለፋሲካ ተመልሰሽ ስትመጪ ተራሽን ሌላ ወስዶታል። የሚሻለው በጾም ወራት ግማሹን ማስቀጠልና ቀሪውን በቅቤ እንዲያወራርዱልሽ መስማማት ነው። ቅቤውን ስትረከቢ ጥቂቱን በትንሽ ድስት አንጥረሽ እዪው፤ ሥሩ ላይ ብዙ አተላ ወይም ውሃ ካስቀረ መልሺው።