የአባቴ ኤምአርአይ ንጹህ ነው ተባለ፤ ታዲያ ዳትስካን ለምን?

የአዲስጌ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። አባቴ ሜሪላንድ አብሮኝ ነው የሚኖረው። ቁጭ ባለበት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሸሚዝ መቆለፍ ዘመን ይፈጅበታል። ኤምአርአዩ ንጹህ ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ፓርኪንሰን ጠርጥሮ ዳትስካን አዘዘ። ንጹህ ከሆነ ሌላ ምርመራ ምን ይሠራል?

ቴክኒሻኗ፦ ይማርልህ ወንድሜ። እዚሁ አሜሪካ በኑክሌር ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ተራው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። ዕጢ ወይም ስትሮክ ካለ ይለያል፤ በፓርኪንሰን ግን ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል። በዚህ በሽታ የሚያልቁት ዶፓሚን (እንቅስቃሴን የሚያግዝ የአንጎል ኬሚካል) አምራች ሴሎች ናቸው፤ ዳትስካን የሚያየው የእነሱን ጫፎች ነው። አዮዲን 123 ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ተጠብቆ ፎቶ ይነሳል። ጤነኛ ከሆነ ግራና ቀኝ ሁለት የፈረንጅ ኮማ ይታያል። ሲጎዳ ጭራው ጠፍቶ ነጥብ ይቀራል። ደግሞ ካሜራው ወደ ጭንቅላት ሲጠጋ አባቶቻችን ይደነግጣሉ፤ አስቀድመህ ንገራቸው።

ዶክ ከዳላስ፦ ልክ ናት። ግን ዳትስካን ፓርኪንሰንን ከኤምኤስኤ ወይም ከፒኤስፒ (ፓርኪንሰን ከሚመስሉ ሌሎች የአንጎል በሽታዎች) አይለይም። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) እ.ኤ.አ. በ2011 የፈቀደው እነዚህን በሽታዎች ከኢሴንሺያል ትሬመር፣ ማለትም ፓርኪንሰን ካልሆነ የተለመደ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ለመለየት ነው። ዋናው ምርመራ አሁንም የሐኪሙ ዓይንና እጅ ነው። አባትህ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ይወስዳሉ?

የአዲስጌ ልጅ፦ አዎ፣ ሜቶክሎፕራማይድ። ምነው?

ዶክ ከዳላስ፦ እሱ ራሱ ፓርኪንሰን መሰል ምልክት ያመጣል! እንዲህ ሲሆን ዳትስካኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይወጣል። ነገውኑ ለሐኪሙ ደውልለት።